ግራፉ ለምን ጠፋ? በስልክ ግራፊንግ ካልኩሌተር ሒሳብ ለማስተማር ደረጃ በደረጃ መመሪያ

«ቲቸር፣ የኔ ምንም አያሳይም!» «ቲቸር፣ የኔ ቀጥ ያለ መስመር ነው!»

ስልክ ክፍል አስገብቶ ግራፍ ለማሳየት የሞከረ የሒሳብ መምህር እነዚህን ሁለት ጥሪዎች ያውቃቸዋል። እኔ መጀመሪያ የሞከርኩ ቀን ከ40 ደቂቃው 25ቱን አፕ መጫን በላው። በቀረችው ጊዜ ግማሹ ክፍል የተሳሳተ ግራፍ ደብተሩ ላይ ገለበጠ። አፑ ምንም አላጠፋም። የጎደለኝ ቅደም ተከተሉ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ መምህራን እዚያው ቦታ ላይ ሲወድቁ ስላየሁ ነው ይህን የምጽፈው።

መመሪያው ዴስሞስ ግራፊንግ ካልኩሌተር በሚባለው፣ ቀመር ሲያስገቡለት ግራፉን በሚሥለው አፕ ላይ ነው። ነጻ ነው፣ አንድሮይድም አይፎንም ላይ ይሠራል፣ አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይከፈታል። ካሲዮ ክላስፓድ ወይም ኤችፒ ፕራይም የሚባሉት በጣት የሚነኩ ካልኩሌተሮች ካሏችሁ ቁልፎቹ ይለያሉ እንጂ ቅደም ተከተሉ ያው ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ቀመሮቹን በአፋችን እንደምንጠራቸው «ዋይ»፣ «ኤክስ» እያልኩ ጽፌያቸዋለሁ። ስልኩ ላይ የምትነኩት ግን የእንግሊዝኛውን ፊደል ነው።

ደረጃ 1፦ ከሁለት ቀን በፊት የሚያልቅ ሥራ

1. ፈቃድ ያዙ። ብዙ ትምህርት ቤት ስልክ በር ላይ ይቀማል። ለርዕሰ መምህሩ ቀኑን፣ ክፍሉንና ክፍለ ጊዜውን ጽፋችሁ አስፈርሙ። የቃል ፈቃድ ጥበቃው ጋ ሲደርስ አይሠራም።

2. ስልክ ያላቸውን ቁጠሩ። ለ4 ተማሪ አንድ ስልክ በቂ ነው። ለአንድ ለአንድ ከሆነማ እንዲያውም ይከፋል፤ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ማንም ከማንም ጋር አይነጋገርም።

3. አፑን ቤታቸው ጭነው እንዲመጡ እዘዙ። ዳታ ለሌለው ልጅ መፍትሔ አለ፤ ፕሌይ ስቶር ውስጥ የፕሮፋይል ምስሉን ነክታችሁ ወደ አፖች ማስተዳደሪያው ስትገቡ «ሼር አፕስ» የሚል ታገኛላችሁ። የሁለቱንም ስልክ ብሉቱዝና ሎኬሽን አብሩ፤ አፑ ያለ ኢንተርኔት ከስልክ ወደ ስልክ ያልፋል። ከማታውቁት የቴሌግራም ቻናል የወረደ ፋይል አታስጭኑ። የልጁ ስልክ ውስጥ የቤተሰቡ የባንክ አፕ ሊኖር ይችላል።

4. አካውንት አታስከፍቱ። ሳይገቡም ይሠራል። አካውንት የሚያስፈልገው ግራፍ ሴቭ ለማድረግ ነው፤ እኛ የምናስቀምጠው ደብተር ላይ ነው።

5. ከሁሉም በላይ፣ የምታሠሩትን እያንዳንዱን ቀመር ራሳችሁ ስልኩ ላይ ቀድማችሁ ሞክሩ። ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲያዩት ቀላል የሚመስል ቀመር ስልክ ላይ ሲገባ ሌላ ነገር ይሆናል። ምሳሌውን ደረጃ 4 ላይ ታዩታላችሁ።

ደረጃ 2፦ ክፍል ሲገባ

ስልኮቹ ሁሉ ኤርፕሌን ሞድ ላይ ይሁኑ። አፑ ኔትወርክ አይፈልግም፤ ቲክቶክ ግን ይፈልጋል። የስክሪኑን ብርሃን ከፍ አስደርጉ፤ ከመስኮት አጠገብ የተቀመጠ ቡድን ቀጭኗን መስመር አያያትም።

በየቡድኑ ሥራ ከፋፍሉ። አንዱ ይነካል፣ አንዱ ደብተር ላይ ይሥላል፣ ሁለቱ የገባው ቀመር ሰሌዳው ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን ያረጋግጣሉ። በየምሳሌው ስልኩ ወደ ቀኝ ይለፍ። ይህን ካላደረጋችሁ የስልኩ ባለቤት ብቻውን ሠርቶ ይወጣል።

ፕሮጀክተር ካላችሁ መቼት ውስጥ ያለውን «ፕሮጀክተር ሞድ» አብሩ። መስመሩና ቁጥሩ ይወፍራል፣ ከኋላ ያለውም ያያል። መብራት ቢሄድ አትደንግጡ፤ ስልኮቹ በባትሪ ይቀጥላሉ፣ እናንተ በጠመኔ ትቀጥላላችሁ።

ደረጃ 3፦ መጀመሪያ እርሳስ

እዚህ ላይ ድርድር የለኝም። ማንም ቡድን ሻካራ ንድፍ ደብተሩ ላይ ሳይሥል ስልክ አይነካም።

ሰሌዳ ላይ ይህን ጻፉ፦

ዋይ = ኤክስ² − 4ኤክስ + 3

ሦስት ነገር በእጅ ያውጡ። ኤክስ ዜሮ ሲሆን ዋይ ስንት ነው? 3። ቨርቴክሱ (ኩርባው የሚታጠፍበት ጫፍ) የት ነው? የ4 ግማሽ 2፤ እዚያ ላይ ዋይ 4 − 8 + 3 ማለትም −1። ኤክስ አክሲስን የት ይቆርጣል? 1 እና 3 ላይ። አራቱን ነጥቦች ያስቀምጡና ባይስተካከልም ኩርባውን ይሣሉ። ሦስት ደቂቃ ይበቃል።

ይህን ያህል የምጨነቅበት ምክንያት አለኝ። የሚጠብቀው ነገር የሌለው ተማሪ ስህተት ሲመጣበት አያውቀውም። ስክሪኑ የሰጠውን ሁሉ ያምናል። ሻካራ ንድፍ በእጁ ያለው ግን «ይሄ ልክ አይደለም» ብሎ እጁን ያወጣል። በዚያ ላይ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ላይ ስልክ አይገባም። እዚያ የሚቀመጠው እርሳስ ይዞ ነው።

ደረጃ 4፦ ቀመሩን ማስገባት

በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ነው፤ ቀስ በሉ።

1. ባዶውን መስመር ንኩ። የአፑ የራሱ ኪቦርድ ይወጣል። ሌሎች ፊደላት ስትፈልጉ የኤ፣ ቢ፣ ሲ ምልክት ያለባትን ቁልፍ ንኩ።

2. «ዋይ =» ብላችሁ ጀምሩ፤ ቀጥሎ ኤክስን፣ ቀጥሎ የስኩዌሯን ቁልፍ።

3. አሁን ቆሙና ጠቋሚውን፣ ያቺን ብልጭ ድርግም የምትል ዘንግ፣ ተመልከቱ። መደበኛው መስመር ላይ ናት ወይስ ከፍ ብላ ፓወሩ ላይ ቀርታለች? ከፍ ብላ ከቀረች የቀኝ ቀስቷን አንዴ ንኩ። አለዚያ ቀጥሎ የምትጽፉት ሁሉ ፓወር ይሆናል።

4. የቀረውን አስገቡ። ኩርባው ወዲያው ይወጣል። ከንድፉ ጋር አስተያዩት።

የጠቋሚው ነገር ክፍልፋይ ላይ ሲደርስ ይብሳል። አንድ ቀን «ዋይ = ግማሽ ኤክስ» አሠራሁ። ቀላል ቀጥተኛ መስመር ነው ብዬ ቤት አልሞከርኩትም። ተማሪዎቹ 1፣ የማካፈያ ቁልፍ፣ 2፣ ኤክስ ብለው አስገቡ። ስክሪኑ ላይ የወጣው ሁለት ቦታ የተከፈለ ኩርባ ነው፤ አንዱ ቀኝ ላይ፣ አንዱ ግራ ታች። አንዷ ተማሪ ስልኩን አንስታ አሳየችኝ፤ ኤክስ ከ2 ጎን ታህቱ ውስጥ ተቀምጧል። ልጆቹ የጻፉት ግማሽ ኤክስን አልነበረም። አንድ ሲካፈል ለሁለት ኤክስ ነበር። የማካፈያ ቁልፍ ስትነኩ ጠቋሚው ታህት ውስጥ ይገባና እስክታወጡት እዚያው ይቆያል። 2ን ጽፋችሁ፣ በቀኝ ቀስት ወጥታችሁ፣ ከዚያ ኤክስን አስገቡ። ስኩዌር ሩትም እንደዚሁ ነው፤ ከጣሪያው ሥር ሳትወጡ የጻፋችሁት ሁሉ ሩት ውስጥ ይገባል።

ሌሎች ጥቂት ማስጠንቀቂያዎች፦

• ኔጌቲቭ ቁጥር ስኩዌር ስታደርጉ ቅንፍ አድርጉ። −3² ብላችሁ ካስገባችሁ መልሱ −9 ነው። 9 የሚሰጣችሁ (−3)² ነው።

• ሺህን ለመለየት ኮማ አታስገቡ። 1000 ብላችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ጻፉ።

• ከመስመሩ ጎን ቢጫ የማስጠንቀቂያ ምልክት ከወጣ አታጥፉት፤ ንኩትና አንብቡት። አብዛኛውን ጊዜ ያልተዘጋ ቅንፍ ወይም ያልተሞላ ባዶ ቦታ ነው።

ደረጃ 5፦ መስኮቱን ማስተካከል

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ክፍል ብቻ የምታነቡ ከሆነ ይህን አንብቡ። «ግራፉ ጠፋ» ከሚሉኝ አብዛኞቹ ግራፉ አልጠፋባቸውም፤ ሌላ ቦታ እያዩ ነው።

አፑ ሲከፈት መስኮቱ (ስክሪኑ ላይ የሚታየው የግራፉ ክፍል) የሚያሳየው ኤክስ በግምት ከ−10 እስከ 10 ያለውን ነው። የመጀመሪያው ምሳሌያችን እዚያ ውስጥ ያድራል። አሁን ይህን አስገቡ፦

ዋይ = ኤክስ² − 40ኤክስ + 300

የሚታየው ከቀኝ በኩል ወደ ታች የሚወርድ፣ ቀጥ ያለ የሚመስል ገደላማ መስመር ብቻ ነው። ኩርባ የለም፣ ቨርቴክስ የለም። ተማሪው «ኳድራቲክ ቀጥ ያለ መስመርም ይሆናል» ብሎ ደብተሩ ላይ ይጽፋል፤ አይቼዋለሁ። እውነቱ ግን ፓራቦላውን (የኳድራቲኩን ኩርባ) ከቤቱ ግድግዳ በአንዲት ስንጥቅ እያየነው መሆኑ ነው።

በጣት እየጎተቱ መፈለግ ጊዜ ይገድላል። በስሌት አግኙት፦

1. ዋይ አክሲስን የሚቆርጥበት፦ 300።

2. ቨርቴክሱ፦ የ40 ግማሽ 20። ዋይ = 400 − 800 + 300 = −100። ነጥቡ (20፣ −100) ነው።

3. ኤክስ አክሲስን የሚቆርጥበት፦ 10 እና 30።

4. ስለዚህ መስኮቱ እነዚህን ሁሉ መያዝ አለበት፤ ከዳርም ትንሽ ትርፍ ይኑረው። ኤክስ ከ−5 እስከ 45፣ ዋይ ከ−120 እስከ 320።

5. ግራፉ ጥግ ላይ ያለችውን የመፍቻ ምልክት ንኩ። መቼቱ ይከፈታል። የኤክስና የዋይ ዳርቻዎች የሚጻፉባቸው ሳጥኖች አሉ። ቁጥሮቹን አስገቡና ዝጉ።

ፓራቦላው ሙሉ አካሉን ይዞ ይመጣል። ክፍሉ ውስጥ «እ!» የሚል ድምፅ የምሰማው እዚህ ላይ ነው፤ የኔም ደስታ እሷ ናት።

ጣት ስትጠቀሙ ደግሞ፦ በአንድ ጣት መጎተት ግራፉን ያንቀሳቅሳል፤ ሁለት ጣት አሳርፋችሁ ስትከፍቱ ያቀርባል፣ ስትዘጉ ያርቃል። ከጠፋባችሁ የቤት ቅርጽ ያላትን ምልክት ንኩ፤ ወደ መጀመሪያው መስኮት ትመልሳችኋለች።

አንድ ወጥመድ አለ። የኤክስና የዋይ ስፋት በጣም ሲለያይ ቅርጽ ይዛባል። ኤክስ² + ዋይ² = 25 ክብ ነው፤ በተዛባ መስኮት ግን እንቁላል ይመስላል። ክብና ቀጥ ያለ ማዕዘን ስታስተምሩ በቤቷ ምልክት ተመለሱና ሥሩ።

ደረጃ 6፦ ነጥቡን መንካት

ኩርባውን አንዴ ንኩት። ቨርቴክሱ ላይና አክሲሶቹን የሚቆርጥባቸው ቦታዎች ላይ ግራጫ ነጥቦች ይወጣሉ። ነጥቡን ስትነኩ ቁጥሩ ይታያል።

ኩርባው ላይ ጣት እየጎተታችሁ አታንብቡ። ጣት ወፍራም ነው፤ 0.98 ወይም 1.03 እያለ ያሳስታችኋል። ግራጫውን ነጥብ ንኩ። አልወጣም? ኩርባው አልተመረጠም ማለት ነው፤ ደግማችሁ ንኩት። አሁንም ካልወጣ ነጥቡ ከመስኮቱ ውጪ ነው፤ ወደ ደረጃ 5 ተመለሱ።

ቁጥሩ የተጠጋጋ መሆኑን አስተምሩ። ዋይ = ኤክስ² − 2 ላይ 1.414 ይላችኋል። ትክክለኛው መልስ ስኩዌር ሩት 2 ነው። 1.414 ብሎ ለጻፈ ተማሪ ሙሉ ነጥብ አልሰጥም፤ ቀድሜ እነግራቸዋለሁ።

ስክሪኑ የማያሳየውም አለ። (ኤክስ² − 9) ሲካፈል ለ(ኤክስ − 3) ብታስገቡ ያልተቋረጠ የሚመስል መስመር ይሣላል። 3 ላይ ግን ቀዳዳ አለ። የመደመር ምልክቷን ነክታችሁ ሠንጠረዥ ጨምሩ፣ ቀመሩን በሁለተኛው ዓምድ ራስ ላይ አስገቡ (ኤክስን የመጀመሪያው ዓምድ ራስ ላይ እንደተጻፈው አድርጉት)፣ ከዚያ 3ን ሙሉበት። «አንዲፋይንድ» (ዋጋ የለውም) ይላችኋል። ታህቱ ዜሮ የሚሆንበትን ቦታ ሁልጊዜ በእጅ ያውጡ።

ደረጃ 7፦ ስላይደር

1. ዋይ = ኤ(ኤክስ − ኤች)² + ኬ ብላችሁ አስገቡ። አፑ ለማያውቃቸው ፊደላት ስላይደር (እየጎተቱ ቁጥር የሚቀይሩበት ዘንግ) ልጨምር ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ «ኦል» የምትለዋን ንኩ።

2. ስላይደሮቹ ከ−10 እስከ 10 ይሄዳሉ። ዳር ላይ ያለውን ቁጥር ነክታችሁ ከ−5 እስከ 5 አድርጉት፤ ስቴፑን (በአንዴ የሚዘልለውን) 1 አድርጉ። አለዚያ 2.7 እና −3.4 እየመጣ ትምህርቱን ያደበዝዘዋል።

3. «ኤ»ን 1፣ «ኤች»ንና «ኬ»ን 0 ላይ አስቀምጡ። አንዱን ብቻ አንቀሳቅሱ። ሁለቱን አንድ ላይ ካንቀሳቀሳችሁ የቱ ምን እንዳደረገ አይታወቅም።

4. ከማንቀሳቀሳችሁ በፊት ጠይቁ፦ «ኤች 3 ቢሆን ወደ ቀኝ ነው ወደ ግራ?» ቅንፉ ውስጥ ማይነስ ስላለ አብዛኛው ወደ ግራ ይላል። መልሱን ደብተር ላይ ያስጽፉና ከዚያ ይጎትቱ።

5. «ኤ»ን 0 ላይ አቁሙት። ፓራቦላው ተዘርግቶ አግድም መስመር ይሆናል። ለምን እንደሆነ ይንገሯችሁ።

ለስላይደር የእንግሊዝኛውን «ኢ» አትምረጡ። አፑ እንደ 2.718… ነው የሚያነበው።

ደረጃ 8፦ ሁለት መስመር ሲገናኝ

አጭር ነው። አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት 50 ብር መነሻና በገጽ 2 ብር ይጠይቃል፤ ሌላው መነሻ የለውም፣ በገጽ 3 ብር ነው። የቱ ይሻላል? በአንድ መስመር ዋይ = 2ኤክስ + 50፣ በሌላው ዋይ = 3ኤክስ አስገቡ። መስኮቱን ኤክስ ከ0 እስከ 80፣ ዋይ ከ0 እስከ 250 አድርጉ። መገናኛው ላይ ያለውን ግራጫ ነጥብ ንኩ፦ (50፣ 150)። ከ50 ገጽ በታች ለሚያስገለብጥ ሁለተኛው፣ ከዚያ በላይ ለሆነ የመጀመሪያው ይረክሳል። ጥያቄው በቃላት ይመለስ፤ ነጥቡን ብቻ ጽፎ መቀመጥ አይፈቀድም።

ደረጃ 9፦ ሳይን እና ኮሳይን

ከመጀመራችሁ በፊት ሳይን 30ን አስገቡና መልሱን እዩ። 0.5 ካለ ዲግሪ ላይ ናችሁ። −0.988 ካለ ራዲያን (ሌላው የማዕዘን መለኪያ) ላይ ናችሁ። ሲጫን ራዲያን ላይ ነው የሚመጣው። በመፍቻዋ ምልክት ገብታችሁ ቀይሩት።

ከዚያ ሁለተኛው ወጥመድ ይመጣል። ዲግሪ ላይ ሆናችሁ ዋይ = ሳይን ኤክስ ስታስገቡ ሞገድ አይታይም። አክሲሱ ላይ የተኛ መስመር ነው የምታዩት። ሞገዱ አንዴ ዞሮ ለመምጣት 360 ይፈልጋል፤ እናንተ የምታዩት 20ውን ብቻ ነው። ኤክስን ከ−360 እስከ 360፣ ዋይን ከ−2 እስከ 2 አድርጉ።

የአንዱ ቡድን ከሌላው ከተለየ ቀመሩን ከማረም በፊት የሁሉንም ስልክ ዲግሪና ራዲያን አስተያዩ።

ደረጃ 10፦ ወደ ደብተር መመለስ

የመጨረሻውን 8 ደቂቃ ለዚህ ጠብቁ። ስልኮቹ ተገልብጠው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጡ። እያንዳንዱ ተማሪ ግራፉን ከነአክሲሱ፣ ከነቁጥሩ፣ ከነቨርቴክሱ ይሣል። ከጎኑ ሁለት ነገር ይጻፍ፦ የተጠቀመበትን መስኮትና መጀመሪያ የሣለው ንድፍ የት ላይ እንደተሳሳተ። ስክሪንሻት አትቀበሉ።

በመሃል ሲበላሽ

*ምንም አይታይም።* ከቀመሩ በስተግራ ያለችውን ባለ ቀለም ክብ እዩ። ቀለሟ ከጠፋ ግራፉ ተደብቋል፤ አንዴ ንኳት። ባለ ቀለም ከሆነች ችግሩ መስኮቱ ነው።

*ተማሪው በስህተት ሁሉንም አጠፋ።* ወደ ኋላ የሚመልሰውን ቀስት ንኩ። አዲስ ከመጻፋችሁ በፊት ሞክሩት።

*ብዙ ኩርባ ተደራርቦ ግራ አጋባ።* አታጥፉ። ባለ ቀለሟን ክብ እየነካችሁ የማትፈልጉትን ደብቁ።

*ስልኩ ይጎተታል።* ሌሎቹን አፖች ዝጉ፤ ስላይደሩ በራሱ እየሮጠ ከሆነ አቁሙት።

*ሁለት ስልክ ሞተ።* ቡድኖቹን አዋህዱ። ስምንት ሆነው አንድ ስልክ ማየት ይከብዳል፤ ግን ክፍለ ጊዜውን ከማቋረጥ ይሻላል።

ለኤስኤቲ (ለአሜሪካ ኮሌጅ መግቢያ ፈተና) ለሚዘጋጁ

አሜሪካ ያሉ ልጆቻችንም ሆኑ እዚህ ሆነው ውጭ ለመማር የሚያመለክቱ ዴስሞስ ኤስኤቲ ላይ ይፈቀዳል ወይ ብለው ይጠይቁኛል። ኤስኤቲ በዲጂታል ከሆነ ወዲህ፣ ማለትም ከአሜሪካ ውጪ ከ2023፣ አሜሪካ ውስጥ ከ2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ፣ ዴስሞስ ብሉቡክ በሚባለው የፈተና አፕ ውስጥ አብሮ ይመጣል። ሒሳቡ 44 ጥያቄ በ70 ደቂቃ ነው፤ ካልኩሌተር በሁሉም ይፈቀዳል።

ልጁ ግን በስልክ ብቻ እንዳይለማመድ። ፈተናው በስልክ አይሰጥም፤ በላፕቶፕ ወይም በታብሌት ነው። ጣቱ የለመደው የቀኝ ቀስት ላፕቶፕ ላይ የኪቦርዱ ቀስት ነው፤ መቆንጠጡም በማውስ ይሆናል። ብሉቡክን ጭናችሁ ውስጡ ያሉትን የልምምድ ፈተናዎች በዚያው በሚፈተንበት መሣሪያ ያሠሩት። በየጥያቄው አንድ ምልክት ያድርግ፦ በእጅ የፈጠነውን «እ»፣ በዴስሞስ የፈጠነውን «ዴ»። ሁለት ፈተና ከሠራ በኋላ የቱን ጥያቄ በየትኛው እንደሚጀምር ራሱ ያውቀዋል።